የቤረል ባልዲና የጋይ እጅጌ

በኦስልቢ ደመራ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ጋይ አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው። እንግዳ ሰው ሲያየው ይስቃል። «ጭድ አለቀባችሁ እንዴ?» ይላል። በየዓመቱ በኖቬምበር አምስት ምሽት በእንግሊዝ አገር ሁሉ ከእንጨት ክምር ላይ ወጥቶ የሚቃጠለው ይህ የጨርቅ ሰው፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ፓርላማውን በባሩድ ሊያፈነዳ ሲል የተያዘው ሰውዬ ምስል ነው። ሌላ ቦታ ሁለት እጅና ሁለት እግር፣ አንዳንዴም ጢምና ባርኔጣ ኖሮት ይነዳል። የእኛው ግን ግራ እጁ ከትከሻው ተቆርጦ ነው የሚነደው። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ኦስልቢ ውስጥ ቤት መግዛት ይችላል፤ ሁለት መኪና ማቆም ይችላል፤ የርችት ኮሚቴው ሊቀ መንበርም መሆን ይችላል። የኦስልቢ ሰው ግን አይባልም።

ቤረል ኦልድሮይድ ምክንያቱን በደንብ ታውቃለች፤ ያኔ መሰላሉን የያዘችው እሷ ናትና።

ዘመኑ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ ያደረጉበት ዓመት ነበር። ቤረል ገና አንድ ልጅ የታቀፈች ወጣት ነበረች። ባሏ ኪዝ እንደ ጓደኞቹ ሁሉ ጠዋት ወጥቶ ማንም ለሥራ እንዳይገባ የከሰል ጉድጓዱ በር ላይ ይቆማል፤ ማታ ብርድ የጠጣ ኮቱንና ባዶ ኪሱን ይዞ ይገባል። ዕድሜ ልካቸውን ከመሬት ሆድ ከሰል ሲያወጡ የኖሩ ሰዎች ለገዛ ምድጃቸው ከሰል አጥተው የጓሮ አጥራቸውን እየነቀሉ ያነዱ ነበር። የቤረል እናት ሂልዳ በሠራተኞቹ ክበብ ወጥ ቤት ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሾርባ ትቀቅላለች፤ ድንች ያለበት ቀን ድንች፣ የሌለበት ቀን የድንች ሽታ።

የዚያን ዓመትም ደመራው አልቀረም። እንዲያውም እንደዚያ ዓመት ትልቅ ሆኖ አያውቅም ይባላል። ሂልዳ ለወጥ ቤቱ ገንዘብ ልትሰበስብ የቆርቆሮ ባልዲ ይዛ ከሜዳው በር ላይ ቆመች። ባለሱቆቹ መጡ፣ ጡረተኞቹ መጡ፣ ሳንቲማቸውን ወረወሩ፤ ባልዲውም ጮኸ። ሳንቲም በቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ እንዴት እንደሚጮህ ታውቃላችሁ። ሂልዳ ቀና ስትል ከአጥሩ ማዶ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ያወጡ ወንዶች ቆመው አየች። ሁሉንም በስም ታውቃቸዋለች። ከእነሱ መሃል አንዱ የገዛ አማቿ ኪዝ ነበር። የሚጥሉት ስላልነበራቸው፣ ባልዲውም ዝም ሲል ሰው ስለሚሰማ፣ ከውጭ ሆነው ሊያዩ ነው የመጡት።

ሂልዳ ንግግር የምታደርግ ሴት አልነበረችም። ባልዲውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ደመራው ሄደች፣ መሰላሉን አነሣች፣ «ያዥልኝ» አለቻት ልጇን። ወጣች። ጋዩ የለበሰውን ወፍራም ሰማያዊ ሹራብ ግራ እጅጌ ከትከሻው ቆርጣ ወረደች። እጅጌውን በባልዲው አፍ ዙሪያ በሲባጎ አሰረችው። ሳንቲሙ እንዳይጮህም ባልዲው ውስጥ ከታች የረጠበ የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ አነጠፈች። ከዚያ በአጥሩ በኩል እንዲህ አለች፦

«ግቡ። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ እዚህ ክተቱ። ያለው ይጣል፣ የቸገረው ያውጣ። እኔ ሰማዩን ነው የማየው።»

እውነትም አንገቷን አቅንታ ሰማዩን አየች፤ ሰው ሁሉ ገብቶ እስኪያልቅ አላወረደችውም።

አድማው ተሸነፈ፣ ጉድጓዱ ተዘጋ፣ እጅጌው ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የኦስልቢ ጋይ በአንድ እጁ ይነዳል፤ በሩ ላይም ባለ እጅጌው ባልዲ ይቆማል። አንድ ዓመት ለሽማግሌዎች የገና ምሳ፣ አንድ ዓመት ለነፍስ አድን ጀልባ፣ አሁን አሁን ደግሞ መዳን ለማይችሉ ሕሙማን ማረፊያ ቤት ይሰበሰብበታል። ሕጉ አልተለወጠም። ባልዲ የያዘ ሰው ሰማይ ነው የሚያየው። ሂልዳ ስትሞት ባልዲው ለቤረል ተላለፈ፤ ሌላ የሚወረስ ነገርም አልነበራትም።

ቤረል ከእናቷ የወረሰችው ባልዲውን ብቻ ነው ካልኩ ግን ዋሽቻለሁ። ሠላሳ ዓመት ያህል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ምሳ ስታድል ኖራለች። እዚያም የደሃ ልጆች የነጻ ምሳ ትኬት አረንጓዴ፣ የሚከፍሉት ልጆች ደግሞ ነጭ ነበር። ለምን ሁለት ቀለም እንዳስፈለገ የሚያስረዳ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ቤረል ወረፋው ከመጀመሩ በፊት ወንበሮቹ መሃል እየዞረች ሁሉንም ትኬት ራሷ ትሰበስብና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትደባልቀዋለች። ርእሰ መምህሩ ጠርቶ ተቆጣት።

«ቁጥሩን ማወቅ አለብን» አላት።

«ቁጥሩን እወቅ። ማን ማን እንደሆነ ግን አታሳውቅ» አለችው፤ ተመልሳም ጭልፋዋን አነሣች። በማግስቱም ደባለቀች። በዓመቱም። ርእሰ መምህሩ ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ እሷ ቀረች።

ታዲያ ዳንከን ፌርብራዘር ሊቀ መንበር በሆነ ጊዜ የገጠመው ይህችን ሴት ነው። ዳንከን የመጣው የጉድጓዱ ግቢ በነበረው መሬት ላይ በተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ውስጥ ሊኖር ነው። መጥፎ ሰው ነው አልልም። መጥፎ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። የቀድሞው ሊቀ መንበር ሲያርፍ ማንም የማይፈልገውን ሥራ ተቀበለ፤ ኢንሹራንሱን አስተካከለ፤ ርችቱን ራሱ አምጥቶ የሚተኩስ ደህና ድርጅት አገኘ። ሲናገር ፈገግ ይላል። ችግሩ፣ ያልተቸገረ ሰው ደግነት እንዴት እንደሚያዋርድ አለማወቁ ነው።

በኦክቶበሩ ስብሰባ ላይ፣ በክበቡ የላይኛው ክፍል፣ ዕቅዱን ግድግዳው ላይ በብርሃን አሳየ። ሜዳው ይታጠራል። ከውጭ እንዳይታይ አጥሩ ላይ ጥቁር ሸራ ይወጠራል። መግቢያው በትኬት ይሆናል፤ ትኬት የገዛ ሰው ነጭ የወረቀት አምባር እጁ ላይ ይታሰርለታል። መዋጮ መስጠት የሚፈልግ በካርድ ወይም ውስጡ በሚታይ የፕላስቲክ ሣጥን።

«ባልዲዬስ?» አለች ቤረል።

«ወይዘሮ ኦልድሮይድ፣ ማንም እርስዎን አይወቅስም። ግን ባልዲው ቀዳዳ አለው።»

«ባልዲዬ ቀዳዳ የለውም። እጅጌ ነው ያለው።»

«ማለቴ፣ ገንዘብ ይወጣበታል።»

«ታዲያስ። ለዚያ ነው የተሠራው።»

ዳንከን ቀልድ መስሎት ሳቀ። ማንም አብሮት እንዳልሳቀ ሲያይ አቆመ።

«ትኬት መግዛት የማይችሉትን አልረሳናቸውም» አለ። «በሩ ዳር ጠረጴዛ ይኖራል። የድጎማ ወረቀታቸውን ያሳያሉ፣ አረንጓዴ አምባር በነጻ ይወስዳሉ። ማንም አይቀርም።»

«አረንጓዴ» አለች ቤረል። «ሌላ ቀለም የላችሁም እናንተ ሰዎች?»

«ቀለሙን መቀየር እንችላለን።»

አልገባውም። አይገባውም። ቤረል ልትነሣ ስትል ዳንከን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከልቡም አዝኖ፣ አንድ ነገር ጨመረ። «ከባልዲው የሚወጣው ገንዘብ ከሕሙማኑ ነው የሚወጣው። ባለቤትዎ መጨረሻቸው ላይ እዚያ እንደነበሩ ሰምቻለሁ። እርስዎ ይህን ከማንም በላይ ይረዱታል ብዬ ነበር።»

ቤረል ተመልሳ ተቀመጠች። ኪዝ ሳንባው በከሰል አቧራ ተደፍኖ፣ በመስኮት የወፍ መመገቢያ በሚታይበት ክፍል ውስጥ፣ ሰው እጁን ይዞት ነው የሞተው። ያንን ቤት አሳንሳ ማየት አትችልም። መልስ ያጣችበት ያ ቅጽበት በቂ ነበር። እጅ ይውጣ ተባለ፤ ብዙዎቹ ወደ ጠረጴዛው እያዩ አወጡ። ተሸነፈች።

በበዓሉ ጠዋት ቤረል ፓርኪን እየጋገረች ነበር፤ ያ የአጃና የዝንጅብል ኬክ በዚህ ምሽት የሌለበት ቤት የለም። ኬኩን ለሽያጭ ሰጥታ ልትመለስ፣ ደመራውን ላታይ ወስናለች። ግራንቪል በጓሮ በር ገባ። ግራንቪል ከኪዝ ጋር አብሮ ጉድጓድ የወረደ፣ አሁን በየዓመቱ የደመራውን እንጨት የሚከምር፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህም የቤረልን ኬክ ሳይቀምስ የማይሄድ ሰው ነው።

«ቤረል፣ ቁጭ በይ።»

«ቁጭ ብዬ የሰማሁት ወሬ ደህና ሆኖ አያውቅም። ቆሜ ልስማው።»

«ክበቡ ዕቃ ቤት የነበረው ባልዲሽ የለም። ሲያጸዱ እጅጌው ሻግቷል ብለው ከነባልዲው ጥለውታል።»

«የት?»

«የቆሻሻ መኪናው ወስዶታል።»

ቤረል ኬኩን መቁረጧን ቀጠለች። ቢላው ከጣውላው ሲገጥም ግን ከወትሮው የበለጠ ይጮህ ነበር። «እጅጌ ነው» አለች ቆይታ። «ክንድ ባለበት ሁሉ እጅጌ አለ።»

«ሌላም ነገር አለ።»

«ጨርሰው እንግዲህ።»

«ጋዩ ሁለት እጅ አለው።»

ቢላው ቆመ።

«ከሱቅ ነው ያስመጡት» አለ ግራንቪል፣ ቁራሽ ኬክ እያነሣ። «ጓንት አለው። ኮፍያው ላይ ላባ አለበት። ጫማው ከእኔ ጫማ ይሻላል። ከላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን እንዲህ ዘርግቶ ሲታይ፣ ባንክ ሊያበድርሽ የመጣ ነው የሚመስለው።»

«አንተ ነህ ያወጣኸው?»

«እኔ እንጨቱን ነው የከመርኩት። እነሱ በማሽን አወጡት። እኔማ አንድ እጁ በዛ ብዬ ነበር፤ የሰማኝ የለም።»

«ማን ነው የሚለኩሰው?»

«እስካሁን ያልነጠቁኝ እሱን ብቻ ነው።»

ቤረል ሌላ አልተናገረችም። ኬኩን በትሪ ደረደረች፤ መቁረጫ ቢላውን በፎጣ ጠቅልላ ጎኑ ላይ አስቀመጠች።

ሲመሽ ብርዱ ጥሩ ነበር፤ ሰማዩም የጠራ። የሥጋ ፓይና የተፈጨ አተር ሽታ እስከ መንገዱ ድረስ ይደርሳል። ጥቁሩ ሸራ ሜዳውን ዙሪያውን እንደ ሐዘን ቤት አልብሶታል። በሩ ላይ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ አንድ ግዙፍ ወጣት ቤረልን አስቆማት።

«እጅዎን፣ እናቴ።»

«ለምን?»

«አምባር ላስርልዎት። የኬክ ሻጮች በነጻ ነው።»

«ሆስፒታል አልተኛሁም። እጄን ተወኝና ትሪውን ያዝልኝ።»

ልጁ ግራ ገብቶት ትሪውን ያዘላት። ኬክ መሸጫዋን ከበሩ አጠገብ ዘረጋች፤ ከአረንጓዴው ጠረጴዛ ትይዩ ማለት ነው። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው በጎ ፈቃደኛ ጆሮዋ ትንሽ ከበድ ስለሚላት ስትናገር ትጮኻለች። ተንኮል የላትም። ቢኖራት ግን የተለየ ነገር ልታደርግ አትችልም ነበር።

ሊያን ሃርገሪቭስ ሁለት መንታ ሴት ልጆቿን ይዛ መጣች። ቤረል ሊያንን ከትምህርት ቤቱ ታውቃታለች፤ ከአረንጓዴ ትኬት ልጆች አንዷ ነበረች። አሁን በሽማግሌዎች መጦሪያ የሰው ገላ እያጠበች ትኖራለች፤ የሌላውን ሰው እናት ትመግባለች፤ ደሞዟ ግን የራሷን ልጆች ከወር እስከ ወር አያደርስም። ይህን ነገር እዚህ አገር እንደ ዝናብ ነው የሚያወሩት፤ ማንም እንዳላደረገው፣ ከሰማይ እንደ ወረደ።

«የድጎማ ወረቀትሽን ይዘሻል ወይ?» አለች ጠረጴዛዋ ላይ ያለችው ሴትዮ፤ ወረፋው ሁሉ ሰማ።

ሊያን ወደ ኋላዋ አየች። ከኋላዋ የልጆቿ ጓደኛ እናት፣ ከእሷም ኋላ የሥራ አለቃዋ ባል ቆመዋል።

«አይ፣ ሰው እየፈለግኩ ነው» አለች። «እዚህ የለም።»

የልጆቿን እጅ ይዛ ዞረች። ከመንታዎቹ አንዷ «እማዬ፣ ርችቱስ?» ስትል ተሰማ።

«ከመንገዱ ላይ ይታያል፣ ሆዴ። እንዲያውም ከሩቅ ነው የሚያምረው።»

ቤረል በዓይኗ ተከተለቻቸው። አጥሩን ታከው ሄዱ፣ ሸራው ትንሽ የተቀደደበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። እዚያ ብቻቸውን አልነበሩም። ሌሎችም ቆመዋል፤ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው። በዚያው ቦታ ላይ። በዚያው አጥር ሥር።

ቤረል ፎጣውን ፈታ ቢላውን አነሣች። ኬክ ሊገዛ የቆመውን ሰውዬ «ራስህ አንሣ» ብላው ሄደች።

ደመራው ዙሪያ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ሥር ስትሾልክ ሌላ ቢጫ ሰደርያ ሮጦ መጣ። «እናቴ፣ እዚህ መግባት ክልክል ነው።»

«እናትህ ብሆን ኖሮ ደህና አድርጌ አሳድግህ ነበር» አለችው፤ አልቆመችም።

ግራንቪል መሰላሉ አጠገብ ችቦውን ይዞ ቆሟል። ቢላውን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ምንም አልጠየቀም።

«ያዝልኝ» አለችው።

«ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴ እዚህ ይጠብቀኝ።»

ወጣች። ሕዝቡ መጀመሪያ የትርዒቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። «ቤረል፣ ተይው፣ እሱ ባለ ትዳር ነው» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ሳቅ ተከተለ። ከዚያ ቢላውን ጋዩ ትከሻ ላይ ስታሳርፍ የመንደሩ ሽማግሌዎች መሳቅ አቆሙ፤ አዳዲሶቹ ደግሞ የሽማግሌዎቹን ፊት እያዩ ዝም አሉ። የጋዩ ኮት ጠንካራ ነው፤ እንደ ድሮው ሹራብ በቀላሉ አይቀደድም። ቤረል በግራ እጇ አንገቱን አቅፋ፣ በቀኝ እጇ እየገዘገዘች፣ በጥርሷ መሃል የምትለውን ቃል ሁሉ ግራንቪል ከታች ሰምቷል፤ እኔ ግን አልጽፈውም። በመጨረሻ ለቀቀ። ነጭ የስፖንጅ ብጥስጣሽ እንደ በረዶ ግራንቪል ራስ ላይ ወረደ። ቤረል እጅጌውን አንገቷ ላይ እንደ ሻርፕ ጠምጥማ ወረደች።

ባልዲ አልነበራትም። በሩ ጎን ለእሳት አደጋ የተቀመጡ አሸዋ የሞላባቸው ቀይ ባልዲዎች ተደርድረዋል። አንዱን አንሥታ ገለበጠችው፤ ከሥሩ ጥቂት አሸዋ አስቀረች፤ አሸዋ ላይ የወደቀ ሳንቲም አይጮህም። ትርፍ ባልዲ ሁለት እንዳለ ቀድማ አይታለች፤ እሳትን የምትንቅ ሴት አይደለችም። እጅጌውን አፉ ላይ በሽርጧ ማሰሪያ ጠፈረችው። ከዚያ በሩ መሃል ላይ፣ በትኬቱና በአረንጓዴው ጠረጴዛ መካከል፣ ቆመች።

ዳንከን ሬዲዮውን ይዞ መጣ። ፊቱ ቀልቷል። «ወይዘሮ ኦልድሮይድ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ሥራዬን።»

«ይህ እኮ በድምፅ የተወሰነ ነው። ኮሚቴው ወስኗል።»

«ኮሚቴው ይወስን። እኔ ባልዲ ይዣለሁ።»

«ሰው ገንዘብ እንዲያወጣበት? ይህ ሌብነትን መጋበዝ ነው።»

ቤረል እንደ እናቷ ንግግር አታውቅም። ግን ድምፅ አላት፤ ሠላሳ ዓመት የምሳ አዳራሽ ጫጫታ ሲያሸንፍ የኖረ ድምፅ። በሩም፣ ወረፋውም፣ ከሸራው ማዶ ያሉትም ሰሟት።

«በአድማው ዓመት፣ እናቴ ይህን ነገር በሠራችበት ምሽት፣ እጄን ከትቼ አውጥቻለሁ። ለልጄ ጫማ ገዝቼበታለሁ። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ደንቡ አለመናገር ነውና። ዛሬ ደንቡን ራሴ አፈረስኩት። ሌባ በለኝ፣ ዳንከን። ጮክ ብለህ በለኝ፣ ሴትዮዋም እንድትሰማህ።»



«እኔም አውጥቻለሁ» አለ ግራንቪል፣ ችቦውን እንደ ከዘራ ተመርኩዞ ከኋላዋ ደርሶ። «እኔ እንኳ ጫማ አልገዛሁም። ጠጣሁበት። በጣም ነበር ያስፈለገኝ።»

ሳቅ ፈነዳ፤ ዳንከን ብቻ አልሳቀም። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት ያዘንኩለት ያህል ሆኖ ነበር። «ሕሙማኑስ?» አለ። «እነሱ ምን ይሁኑ?»

ያ ጥያቄ በኦክቶበር አፏን የዘጋው ጥያቄ ነው። ቤረል ግን ከዚያ ወዲህ ስትበላም ስትተኛም አብሯት የከረመ መልስ ነበራት።

«ኪዝን ሲቀበሉት ስንት ታገኛለህ ብለው አልጠየቁትም። ወረቀት አሳይ አላሉትም። እጁ ላይ ከሰው የሚለየው አረንጓዴ ነገር አላሰሩለትም። አልጋ ሰጡት፣ እጁን ያዙት። አንተ በእነሱ ስም ገንዘብ ስትሰበስብ እነሱ እንደሚያደርጉት አድርግ። ካልቻልክ ስማቸውን አታንሣ።»

ዳንከን ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋ። ርችት ተኳሾቹ ደመራው ሲለኮስ ሊጀምሩ እየጠበቁ ናቸው። «ግራንቪል፣ ለኩስ» አለ።

«ችቦው ረጥቧል» አለ ግራንቪል።

«ምን አረጠበው?»

«እኔም ገረመኝ። በሩ ሲከፈት ይደርቅ ይሆናል።»

እዚህ ላይ ቤረል ያላደረገችውን ነገር ልብ በሉልኝ። ሊያንን በስሟ አልጠራችም። ወደ ቀዳዳው አልጠቆመችም። «የተቸገራችሁ ኑ» አላለችም። ያንን ዓይነት ደግነት ጠረጴዛው ሞልቶታል። ባልዲውን በሁለት እጇ አቅፋ፣ አገጯን አንሥታ፣ ሰማዩን ማየት ጀመረች። ሌላ ምንም።

ከዚያ ክራቫት ያሰረ አንድ ሽማግሌ ነጭ አምባሩን በጥርሱ በጠሰ፤ እጁን እጅጌው ውስጥ እስከ ክርኑ ከተተ፤ አወጣ፤ ጡጫውን እንደጨበጠ ኪሱ ውስጥ አስገብቶ ገባ። ከኋላው ሚስቱ። ከእሷ ኋላ ከሸራው ማዶ የነበሩት ከወረፋው ጋር ተቀላቅለው፣ ማን ከየት እንደመጣ እስከማይለይ ድረስ ተደባልቀው መጡ። ሁሉም ጡጫውን ጨብጦ ይከታል፣ ጨብጦ ያወጣል። ያ ግዙፉ ወጣት ጥበቃ እንኳ ጠጋ ብሎ «እኔስ?» አላት።

«እጅ አለህ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?»

መንታ ልጆች ይዛ ያለፈች ሴት ነበረች። ክንዷ እጅጌው ውስጥ ከሌላው ሰው ክንድ ያነሰም የበዛም አልቆየም። ጥላ ይሁን አውጥታ አላውቅም። ቤረልም አታውቅም፤ ያን ጊዜ የምታየው ከዋክብቱን ነበር።

ጠረጴዛዋ ላይ የነበረችው ሴትዮ አረንጓዴ አምባሮቹን ወደ ሣጥናቸው መልሳ፣ ተነሥታ፣ ወረፋው ውስጥ ገባች። ዳንከን ወደ መኪናው ሄደ። ችቦው ደረቀ።

ደመራው ሲያያዝ ጋዩ በላባ ኮፍያውና በአንድ እጁ ነደደ። የመጀመሪያው ርችት ጨለማውን ሰንጥቆ ሲፈነዳ ሜዳው ሙሉ ሰው ቀና አለ፤ ባልዲ እንደያዘ ሰው ሁሉም ሰማዩን አየ።

ስንት ገንዘብ ተገኘ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አንድ ጊዜ መልሼ አላውቅም፤ ጥያቄው ራሱ ያናድደኛል። ለማረፊያ ቤቱ የሚደርሰው ደርሷል። ለሌላውም የሚደርሰው ደርሷል።

ከሳምንት በኋላ ቤረል ከኮሚቴው መሰናበቷን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳት፤ ለረጅም ዘመን አገልግሎቷም ያመሰግናታል። ቆማ አነበበችው። «ስሜን እንኳ በትክክል አልጻፉትም» አለችው ለግራንቪል። ምድጃ መለኮሻ አደረገችው።

በቀጣዩ ዓመት ሜዳው እንደገና ታጠረ። ሸራው ግን አልነበረም፤ አረንጓዴው ጠረጴዛም እንዲሁ። ጋዩን ግራንቪልና ቤረል ናቸው በእሷ ወጥ ቤት ውስጥ ጭድ የሞሉት። ቤረል ሰው ሳይመጣ መጥታ ወንበሯን በሩ መሃል ላይ ዘረጋች፤ ባልዲዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከሌላ ከተማ የተቀጠረ አዲስ ጥበቃ መጣና በትሕትና አናገራት።

«እናቴ፣ ስምዎ ዝርዝሩ ላይ የለም። እዚህ እንዲቀመጡ ማን ፈቀደልዎት?»

ቤረል በአገጯ ወደ ደመራው ጫፍ አሳየችው። ከላይ፣ በድንግዝግዙ ውስጥ፣ የጨርቁ ሰውዬ አንድ እጁን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«እሱን ጠይቀው» አለችው። «ሌላኛውን እጁን የሰጠን እሱ ነው።»